ለቤት አኳሪየም ድንጋይ፣ ሸክላና ተክል አመራረጥ፣ ጎጃም ላላችሁ

አኳሪየም ሊጀምር ያሰበ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ አይኑ የሚያርፈው ሮዝ ጠጠር ላይ፣ አፉን ከፈት ዘጋ የሚያደርግ የፕላስቲክ አዞ ላይ፣ የፈረንጅ ግንብ ምናምን ላይ ነው። ባህር ዳር ወይ ማርቆስ ወይ እንጅባራ ተቀምጦ ለፕላስቲክ ድንጋይ ብር መክፈል ግን ለኔ አይገባኝም፣ አገሩ በሙሉ ድንጋይ ነው እኮ ጎበዝ፣ ሸክላውም ሞልቷል፣ ስለዚህ ብሩን ለላይትና ለደህና ተክል አስቀምጡት። ብቻ ያገኙትን ሁሉ ዝም ብሎ መክተት አይሆንም፣ አንዳንዱ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ አንዳንዱ እንጨት መርዝ አለው፣ ከጣና ዳር የሚነቀለው ተክል ደሞ የራሱ ጣጣ አለው።

ከሁሉ በፊት የምታስገቡትን አሳ ወስኑ። ጎልድፊሽ ከሆነ አሸዋውን ሲምስ ነው የሚውለው፣ ለስላሳ ቅጠል ካገኘም አይምርም ይበላዋል፣ ስለዚህ ጠንካራ ቅጠል ያለው ተክልና ቢገፋ የማይወድቅ ድንጋይ ነው የምትፈልጉት፣ ደሞ ትልልቅ ሆኖ ስለሚያድግ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ለዘለቄታው አይመችም። ጋፒና ሞሊ ተክል በበዛ ቁጥር ደስ ይላቸዋል፣ ልጆቻቸውም የሚተርፉት ቅጠል ውስጥ ተደብቀው ነው አለበለዚያ ራሳቸው ወላጆቹ ይበሏቸዋል። ቤታ ደሞ ክንፉ ረጅምና ስስ ነው፣ ሹል ነገር ካለ ይቀደድበታል። ከጣና ቆሮሶ ወይ አምባዛ አምጥቼ ላሳድግ የምትሉ ካላችሁ ግን ተዉት፣ ቆሮሶ ያማረውን ሁሉ ቆፍሮ ይገለብጠዋል፣ አምባዛ እንኳን ሳጥኑ ሳሎኑም ይጠበዋል።

አየሩንም አስቡት። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ እንጅባራም ብርድ ነው። ጋፒና ቤታ 24 እስከ 26 ዲግሪ ስለሚፈልጉ ማርቆስ ያለ ሂተር አይሆኑም፣ ሂተር መግዛት ካልፈለጋችሁ ጎልድፊሽ ያዙ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ችግሩ አደለም።

ሌላው ክብደት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። 60 በ30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን 54 ሊትር ነው የሚይዘው፣ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ ስታነጥፉበት አሸዋው ብቻውን 13 ኪሎ ገደማ ነው፣ ድንጋይ ስትጨምሩበት፣ መስታወቱ ሲታሰብ፣ ባጠቃላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይሄዳል። ያንን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ደህና ብረት ወይ ወፍራም እንጨት ያለው ማስቀመጫ አሰሩለት።

አሁን ድንጋይ። የጎጃም ደጋ አብዛኛው መሬቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት የሚባለው፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴው የሚወርድበት ገደል ራሱ እሱ ነው፣ ቤት የሚሰራ ሰው ለመሰረት የሚያስመጣውም እሱ ነው። ለአኳሪየም ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አታገኙም፣ ውሃውን አይቀይርም፣ ቀለሙ ጥቁር ግራጫ ስለሆነ ቀይና ብርቱካን አሳ ከፊቱ ሲያልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አረንጓዴ ተክልም ያምርበታል። እንጅባራ አካባቢ ደሞ ቀላሉ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ድንጋይ አለ፣ ስኮሪያ የሚሉት፣ ዘንገና ሐይቅ ያለበት አካባቢ እሳተ ገሞራው የተወው። እሱም ጥሩ ነው፣ የተክል ስር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይይዝበታል፣ ውሃውን የሚያጠራው ባክቴሪያም ይኖርበታል፣ ጠርዙ ግን ሹል ስለሆነ ለቤታና ክንፈ ረጅም ለሆነ ጎልድፊሽ አይሆንም፣ ወይ ሁለቱን ድንጋይ እርስ በርስ እየፈተጋችሁ ሹሉን አብርዱት።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወርዱ መንገዱ ዳር የምታዩት ነጣ ያለ፣ ንብብር የሆነ የሚያምር ድንጋይ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟና ውሃውን ያከብደዋል፣ ማለትም ማዕድን ያበዛበታል፣ ፒኤቹንም (የአሲድነቱን መለኪያ) ከፍ ያደርገዋል። ለሞሊና ለጋፒ እንኳን ብዙ አይጎዳም እንዲያውም ከበድ ያለ ውሃ ይወዳሉ፣ ለስላሳ ውሃ ለሚወዱት ለነ ቴትራ ግን አይሆንም፣ ለጀማሪም ውሃው ለምን እንደተቀያየረ ግራ ያጋባዋል። የባህር ዛጎልም እንደዛው ነው፣ ኖራ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው፣ አቼቶ በቂ ነው። ድንጋዩን በደንብ እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ እርጥብ ሆኖ አይታይም። ከዛ በሚስማር አንድ ቦታ ጫር ጫር አድርጉትና አዲሱ ጭረት ላይ አቼቶ ሶስት አራት ጠብታ ጣል አድርጉ። ትንንሽ አረፋ ከወጣ፣ ወይ ጆሯችሁን ስታስጠጉ ቺስ የሚል ድምፅ ካለ፣ ኖራ አለበት ተዉት። ምንም ካላለ ጥሩ ነው ማለት ነው፣ ግን እዚህ ጋ አንድ የሚያታልል አለ፣ ጀሶ ድንጋይ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ጀሶም አለ፣ እሱ አቼቶ ሲነካው ዝም ነው የሚለው ውሃ ውስጥ ግን ይሟሟል። እሱን በጥፍር ነው የምትለዩት፣ ጥፍራችሁ ከጫረው ጀሶ ነው፣ ጥቁር ድንጋይን በጥፍር ልጫር ብትሉ የሚሰበረው ጥፍሩ ነው። ደሞ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ብረት መሰል መስመር ወይ የዛገ ነገር ያለበትን አትውሰዱ። ከጠበል ቦታ፣ ከግሽ ዓባይ ምናምን ድንጋይ ማንሳትም ነውር ነው፣ ወንዝ ሙሉ ድንጋይ እያለ።

ድንጋዩን በብሩሽ ፈትጉት፣ ሳሙናና ኦሞ እንዳይነካው፣ ከዛ ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። እሳት ላይ ጥዶ መቀቀል የሚሉ አሉ፣ አታድርጉት፣ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል፣ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

አሸዋ ላይ ብዙ አልቆይም። የወንዝ አሸዋ ይሆናል፣ ከግንባታ ቦታ ከሆነ ግን ሲሚንቶ ያልነካው መሆኑን እዩ፣ እሱንም በአቼቶ ሞክሩት። ባልዲ ውስጥ እያደረጋችሁ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡት፣ እጅ ያማል ግን አማራጭ የለውም። ጠጠር ከፈለጋችሁ ለጎልድፊሽ ወይ ደቃቅ አሸዋ ወይ ከአፉ የሚበልጥ ጠጠር ነው፣ መሀል ያለው ጉሮሮው ላይ ይቀረቀርበታል።

ወደ ሸክላ እንምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። አንገቱ የተሰበረ ጀበና የሌለበት ቤት አለ? እሱ ጀበና ሆዱን ወደ ጎን አጋድማችሁ ግማሹን አሸዋ ውስጥ ስትቀብሩት ለአሳ ዋሻ ነው፣ ከሱቁ የፕላስቲክ ግንብ ሺ ጊዜ ይበልጣል። የተሰበረበትን ጠርዝ በሞረድ ወይ ሻካራ ድንጋይ ላይ እየፈተጋችሁ አለስልሱት፣ ጣታችሁን ዙሪያውን ስታዞሩበት የሚቧጥጥ ነገር እንዳይኖር። ቡና የተፈላበት ጀበና ውስጡ ቅባት አለው፣ ሙቅ ውሃ እየሞላችሁ እያሳደራችሁ ደጋግማችሁ ድፉት፣ ውሃው ላይ የቅባት ቀለም መታየት እስኪያቆምና የቡና ሽታው እስኪጠፋ። ትንሽ ገንቦም፣ የእንስራ ገልም ይሆናል። ወጥ የተሰራበት ድስትና ምጣድ ግን አይሆንም፣ ድስቱ ቅቤና ዘይት ጠጥቷል፣ ምጣዱ ጎመንዘር ሲታሽበት ነው የኖረው፣ ቢታጠብም አይለቅም። በቀለም የተቀባ የቱሪስት ሸክላም ተዉት። አዲስ ከገበያ የገዛችሁት ከሆነ መጀመሪያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሳምንት አስቀምጡት፣ በደንብ ያልተቃጠለ ሸክላ እየላላ ጭቃ ይሆናል፣ ያ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ባልዲው ውስጥ ቢታወቅ ይሻላል። አንድ ነገር ደሞ፣ የጀበናው ጡት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ አሳ ሊገባና መውጫ ሊያጣ ይችላል፣ ያንን በሲሊኮን ድፈኑት ወይ ወደ አሸዋው አዙሩት።

እንጨት ላይ ጠበቅ በሉ። ጽድና ባህር ዛፍ አይገቡም፣ ዘይትና ሙጫ አላቸው። ቁልቋል በጭራሽ፣ ነጩ ወተቱ ለሰው አይንም አደገኛ ነው እንኳን ለአሳ። የአገው ምድሩ ዲከረንስ፣ ለከሰል የሚተከለው ግራር፣ ልጡ ታኒን የሚባል ቀለም ያለው ነገር የሞላበት ስለሆነ ውሃውን ያጠቁረዋል። የእንጅባራ ቀርከሃ ሲያዩት ያማልላል፣ ውሃ ውስጥ ግን ከውስጥ በኩል ይበሰብሳል። ከዓመታት በፊት የደረቀ፣ ልጡ ሙሉ በሙሉ የወለቀ፣ በሚስማር ሲወጋ ጠንካራ የሆነ የወይራ ስር ካገኛችሁ ግን ጥሩ ነው። ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀቅሉት፣ ውሃውን ድፉ፣ ደግሞ ቀቅሉት፣ ከዛ እስኪሰጥም ድረስ ዘፍዝፉት፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ አልሰጥም ካለ ጥቁር ድንጋይ ላይ እሰሩት። ከገባ በኋላ ውሃው ቀጭን ሻይ ቢመስል አትደንግጡ ታኒን ነው አሳውን አይጎዳም፣ ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር ይቀንሳል። እላዩ ላይ ነጭ ልሃጭ ነገር ቢያበቅልም መጀመሪያ ላይ ያለ ነው፣ በብሩሽ አንሱት።

ከሱቅ የሚገዛ ነገር ቀርቶ አይቀርም መቼም፣ ልጆች ያለቅሳሉ። እሺ፣ የፕላስቲክ ተክል ስትገዙ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ ያዙና ቅጠሉ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት፣ ክሩን የሚይዝ ከሆነ የአሳውንም ክንፍ ይቀዳል፣ የጨርቅ ተክል ይሻላል። ቀለሙን ለማየት ነጭ ሳህን ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ውሃው ቀለም ካወጣ ወይ የፕላስቲክ ሽታ ከሸተተ መልሱት። ከነሐስና ከመዳብ የተሰራ ማንኛውም ነገር፣ የአንገት መስቀልም ይሁን ሳንቲም፣ ውሃ ውስጥ አይግባ፣ መዳብ ለአሳ መርዝ ነው፣ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ ደሞ ይብሳል። ውስጡ ባዶ የሆነ ግንብም ውሃ የማይዘዋወርበት ከሆነ ቆሻሻ ይጠራቀምበትና ይበሰብሳል፣ ሁለት በኩል ቀዳዳ ያለው ይሁን።

ተክሉ ላይ ስንመጣ፣ ለጀማሪ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብቻ ብትይዙ ይበቃችኋል። አኑቢያስ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው፣ ጃቫ ፈርን የደቡብ ምስራቅ እስያ፣ ሁለቱም ብዙ ብርሃን አይፈልጉም፣ ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ጎልድፊሽም ቶሎ አይበላቸውም። ብቻ አሸዋ ውስጥ አትትከሏቸው፣ ወፍራሙ አግዳሚ ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ በክር ጠቅልላችሁ እሰሩት በቃ፣ ከጊዜ በኋላ ስሩ ራሱ ድንጋዩን ይይዛል። ከኋላ ረጅም ነገር ከፈለጋችሁ ቫሊስኔሪያ፣ እንደ ሪባን የሚረዝመው፣ እሱ አሸዋ ውስጥ ይተከላል ግን ቅጠሉና ስሩ የሚገናኙበት ቦታ ከአሸዋው በላይ ይሁን። ሆርንዎርት ስር ስለሌለው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ በፍጥነት ያድጋል፣ አልጌ የሚባለው ውሃና ድንጋይ የሚያለብሰው አረንጓዴ ነገር የሚያድግበትን ምግብ ይሻማዋል። ክሪፕቶኮሪን የገዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ቢሟሟ አይጣለው፣ ቦታ ሲቀየርበት እንደዛ ነው፣ ስሩ ካለ መልሶ ያቆጠቁጣል። አማዞን ሶርድ ግን ትልቅ ነው የሚሆነው፣ ለ54 ሊትር አይመከርም።

ሱቅ ውስጥ የአኳሪየም ተክል ተብሎ የሚሸጥ ላኪ ባምቡ አለ፣ እሱ ቀርከሃም አደለም የውሃ ተክልም አደለም፣ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ከሰመጠ ይበሰብሳል፣ ስሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቅጠሉ ውጪ ከሆነ ግን ይኖራል። እንደዚሁ ብዙ ቤት ጠርሙስ ውስጥ የምታዩት ፖቶስ፣ ስሩን ከሳጥኑ ጀርባ ወደ ውሃው ለቀቅ ስታደርጉት የአሳውን ቆሻሻ እየመጠጠ ያድጋል፣ ነፃ ፊልተር በሉት።

ላይት፣ ነጭ ኤልኢዲ ሆኖ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ፈልጉ፣ በቀን 6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። ሳጥኑን መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ፣ የኛ አገር ፀሐይ በጥቂት ቀን ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ማዳበሪያ ነገር ሲነሳ ደሞ፣ ቤት ውስጥ ዩሪያ አለ ትንሽ ልጨምርለት የሚል ሰው አይጠፋም፣ ወንድምዓለም እባክህ እንዳታደርገው፣ ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ነው የሚቀየረው፣ አሳው በሙሉ ያልቃል። ለነአኑቢያስ የአሳው ኩስ ራሱ ይበቃቸዋል።

ከጣና ተክል ነቅሎ ስለማምጣት ብዙ ሰው ይጠይቃል። እውነት ነው ጣና ውስጥ ቫሊስኔሪያም ሆርንዎርትም ይበቅላል፣ ግን ዳር ላይ ገብታችሁ ስትነቅሉ ቢልሃርዝያ አለ፣ እሱን የምትሸከመው ቀንድ አውጣም ተክሉ ላይ ተጣብቃ ቤታችሁ ልትገባ ትችላለች። ከመስኖ ቦይና ከጫት ማሳ አጠገብ ያለው ውሃ ደሞ የተረጨበት ፀረ ተባይ ይኖረዋል፣ ያ አሳ ይገላል። ስለዚህ ከሰው አኳሪየም የተቆረጠ ቅርንጫፍ መለመን ይሻላል፣ አኳሪየም ያለው ሰው ሁሌ የሚጥለው ተክል አለው። የተገዛውንም ቢሆን ሳታስገቡ በፊት ሌላ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሶስት ሳምንት አቆዩት፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ስሩ አካባቢ ጄል የመሰለ የቀንድ አውጣ እንቁላል ፈልጉ፣ በጥፍር ላጡት። አኑቢያስን የመሰለ ጠንካራ ተክል 1 እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነከር አድርጎ ሽታው እስኪጠፋ በንፁህ ውሃ ማጠብ ይቻላል፣ ቫሊስኔሪያና ሆርንዎርት ግን አይችሉትም ይሞታሉ።

እንቦጭን አበባው ሐምራዊ ነው ያምራል ብሎ ቤቱ የሚያስገባም አለ። ኧረ እባካችሁ! እሱ እኮ ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ምክንያት ለጌጥ እየተባለ ነው ዓለምን የዞረው፣ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ጀምሮ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ነው የኖረው። የራሳችሁን ተክል ስትቆርጡም፣ በተለይ የሚንሳፈፈውን፣ ቦይ ውስጥ ወይ ዓባይ ዳር አትጣሉት፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁና ከቆሻሻ ጋር ይሂድ።

አቀማመጡ፣ ትልቁን ድንጋይ መሀል ላይ አታድርጉት፣ ወደ አንድ ጎን ሲሆን ነው የሚያምረው፣ ሳጥኑን በሀሳብ ሶስት ቦታ ብትከፍሉት አንዱ መስመር ላይ። ድንጋዩ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከስሩ ስስ ፎም ወይ ፕላስቲክ አድርጉለት፣ አሸዋው ከዛ በኋላ ነው የሚፈሰው፣ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ አሳው ሲቆፍር ይወድቅና መስታወት ይሰብራል። አሸዋው ከፊት 3 ሳንቲሜትር ከኋላ 6 ወይ 7 ይሁን፣ ያኔ ጥልቅ ይመስላል። አጭር ተክል ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ፣ መሀሉን ለዋና ክፍት ተዉት። ድንጋዩና መስታወቱ መሀል ወይ ጣት በነፃ የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር ወይ ጭራሽ አይኑር፣ ጠባብ ከሆነ አሳ ይቀረቀራል። የምታጣብቁት ነገር ካለ ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ የሌለው ንፁህ ሲሊኮን ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ይድረቅ። ከጀርባ ጥቁር ወረቀት ብትለጥፉ የግድግዳው ሽቦ ምናምን አይታይም።

ተክል በጣም ካበዛችሁ መብራት ሲጠፋ አስቡት፣ ተክል ማታ ኦክስጅን ሰጪ ሳይሆን ተጠቃሚ ነው፣ ፓምፑም ቆሞ አሳውም በዝቶ ከሆነ ጠዋት አሳዎቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው ታገኟቸዋላችሁ። በባትሪ ድንጋይ የሚሰራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ፣ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከላይ መልሶ ማፍሰስም ያስታግሳል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክፍት ባልዲ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድሩት። ሁሉም ተደርድሮ ውሃ ከተሞላ በኋላ አሳ ለማስገባት አትቸኩሉ፣ ድንጋዩና አሸዋው ላይ ባክቴሪያው እስኪለምድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ፊልተሩ ይስራ፣ ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን የአሳ ምግብ ቆንጠር እያደረጋችሁ ጣሉበት፣ ተክሉም እስከዛ ይይዛል። በኋላ ድንጋዩ አልጌ ሲይዝ ሁሉንም ባንድ ቀን አውጥታችሁ አትፈትጉ፣ ባክቴሪያው አብሮ ይሄዳል፣ ዛሬ ጀበናውን ከሆነ ድንጋዩን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደሞ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከሳጥኑ በቀዳችሁት ውሃ።